ሰባት ቁጥር በአልዌሮ፦ ስልክ ቁጥራችን ያለንበትን ስፍራ ያውቃልን?

በ2009 ዓ.ም. የበጋ ወራት ተማሪዎቻችንን ይዘን በጋምቤላ ክልል፣ አቦቦ ወረዳ ወደሚገኘው አልዌሮ ግድብ ተጉዘን ነበር። ግድቡ በደርግ ዘመን በሶቪየት ኅብረት እርዳታ የተጀመረና 10 ሺህ ሄክታር ያህል መሬት በመስኖ እንዲያለማ የታሰበ ሲሆን፣ የኛ ጉዳይ ግን ከእርሻው ጋር አልነበረም። የውሃ ግፊት ከጥልቀት ጋር እንዴት እንደሚጨምር፣ በዚያ የቆላ ፀሐይ ሥር ከሐይቁ ገጽ ምን ያህል ውሃ እንደሚተን በመሣሪያ ለማሳየት ነበር የሄድነው። ከቀትር በኋላ አንዱ ተማሪ የመለኪያ ገመዱን የሚያስርበት ድንጋይ ሲያነሣ ጊንጥ እጁን ነደፈው።

ከአቦቦ ስንነሣ የአንድ አምቡላንስ ሾፌር ቁጥር መዝግበን ነበርና ወዲያው ደወልን። የኛ ስልክ ቁጥር በ0911 የሚጀምር ነው። «አልዌሮ ግድብ ላይ ነን፤ ተማሪያችንን ጊንጥ ነድፎብናል» አልን። በወዲያኛው ጫፍ ጥቂት ዝምታ ሆነ። «ይሄ የአዲስ አበባ ቁጥር አይደለም እንዴ? እባክዎ፣ ሥራ ላይ ነን፤ አይቀልዱብን» አለና ዘጋው። ደግመን ደወልን፤ አላነሣም። ሦስተኛውም እንዲሁ ሆነ። የልጁ እጅ እያበጠ፣ እኛም እየተደናገርን ሳለ ከወዲያ መረቡን ያበጅ የነበረ አንድ ወጣት ዓሣ አጥማጅ ቀረበና «ጋሼ፣ በኔ ይደውሉ፤ የኔን ያነሣል» ብሎ ስልኩን ዘረጋልን። የእርሱ ቁጥር በ0917 ይጀምራል። ሾፌሩ በመጀመሪያው ጥሪ አነሣ፤ መጣም። ተማሪው በዚያው ዕለት ማታ ከጓደኞቹ ጋር እራቱን በላ።

ነገሩ ካለፈ በኋላ ወጣቱን ስናመሰግነው ሲም ካርዱን ከየት እንደገዛው ጠየቅነው። «ጅማ የቀን ሥራ ስሠራ ነው የገዛሁት» አለን።

እንግዲህ ሁለት ስልኮች በአንድ ክንድ ርቀት ላይ ነበሩ። ሁለቱም ያንኑ የአየር ሞገድ ይጠቀሙ ነበር። አንደኛው አዲስ አበባ፣ ሁለተኛው ጅማ የተገዛ ነው፤ ከሁለቱ አንዱም የአልዌሮ ቁጥር አልነበረም። ሾፌሩ ግን አንዱን አምኖ ሌላውን ሐሰተኛ አደረገው፤ ለዚህ ያበቃውም አንዲት አሃዝ ናት። በእርሱ አንፈርድም፤ በሐሰት ጥሪ የተሰላቸ ሰው የሚያደርገውን ነው ያደረገው። ለመሆኑ ስልክ ቁጥር ስለ ቦታ የሚናገረው ነገር አለን? ካለስ ይህን ኃይል ከየት አገኘው? ዛሬስ ሊታመን ይችላልን? በዚህ ጽሑፍ የምንከተለው ያቺን ሰባት ቁጥር ነው።

ቁጥር መንገድ በነበረበት ዘመን

በስልክ የመጀመሪያዎቹ ዓመታት ቁጥር የሚባል ነገር አልነበረም። ደዋዩ መነጋገሪያውን አንሥቶ የሚፈልገውን ሰው ስም ለማዞሪያ ሠራተኛዋ ይነግራታል፤ እርሷም የአንዱን ገመድ ከሌላው ጋር በእጇ ታገናኛለች። ይህን የሰው እጅ ያስቀረው አልሞን ስትሮውጀር የተባለ አሜሪካዊ ሲሆን፣ ሙያውም ምሕንድስና ሳይሆን የቀብር አገልግሎት ነበር። እንደሚተረከው ከሆነ በከተማው የነበረ ሌላ ቀባሪ ዘመዱ ማዞሪያ ላይ ትሠራ ስለነበር፣ ሐዘንተኞች ስትሮውጀርን ብለው ሲደውሉ ጥሪውን ወደ ዘመዷ ታዞረው ነበር አሉ። ታሪኩ እውነት ይሁን አይሁን፣ ስትሮውጀር ያለ ሠራተኛ የሚሠራ ማዞሪያ ፈልስፎ እ.ኤ.አ. በ1891 የፈጠራ ባለቤትነት መብቱን አስመዘገበ።

የመሣሪያው ፊዚክስ ቀላልና የሚያምር ነው። ከማዞሪያው እስከ ቤታችን ሁለት ቀጫጭን የመዳብ ሽቦዎች ይዘረጋሉ። ማዞሪያው በባትሪ፣ ዘወትር በ48 ቮልት፣ ይጠብቀናል። መነጋገሪያውን ስናነሣ ዑደቱ ይዘጋና የኤሌክትሪክ ጅረት ይፈስሳል። ታላላቆቻችን የሚያስታውሱትን ያንን ባለ ክብ መደወያ ስልክ እናስብ። ጣታችንን በ4 ቁጥር ቀዳዳ አስገብተን ስበን ስንለቀው፣ መደወያው ወደ ቦታው ሲመለስ ጅረቱን አራት ጊዜ ይቆርጠዋል። 7 ሰባት ጊዜ ይቆርጣል። 0 ደግሞ ዐሥር ጊዜ ነው። ፍጥነቱ በሴኮንድ ዐሥር ምት ያህል ነው።

በማዞሪያው ውስጥ ያለው ኤሌክትሮማግኔት እያንዳንዱን ምት በተቀበለ ቁጥር አንዲትን የብረት ክንድ አንድ እርከን ወደ ላይ ያወጣታል። አራት ምት ከመጣ ክንዷ አራተኛው እርከን ላይ ትቆማለች፤ ከዚያም ወደ ጎን እየዞረች በዚያ እርከን ላይ ያልተያዘ መስመር ፈልጋ ትይዛለች። ያ መስመር ወደ ሌላ ክንድ ይወስዳል፤ የሚቀጥለው አሃዝም ያቺን ሁለተኛ ክንድ ያንቀሳቅሳል። እንዲህ እየተባለ በመጨረሻዎቹ ሁለት አሃዞች ከመቶ መስመሮች አንዱ ይመረጣል። እዚህ ላይ አንባቢ እንዲያስተውልልን የምንፈልገው ነገር አለ። በዚያ ዘመን ቁጥሩ የመስመሩ ስም ብቻ አልነበረም፤ ራሱ መንገዱ ነበር። እያንዳንዱ አሃዝ በየመገንጠያው ላይ ቆሞ «ወደዚህ ታጠፍ» ይላል። ስለዚህ ቁጥራቸው በአንድ አሃዝ የሚጀምር ቤቶች ሁሉ ሽቦዎቻቸው በአንድ ማዞሪያ የሚሰበሰቡ፣ ማለትም ጎረቤታሞች መሆናቸው የግድ ነበር። ለቁጥር የቦታ ትርጉም የሰጠው የመሥሪያ ቤት መመሪያ ሳይሆን የመዳብ ሽቦ ርዝመት ነው።

ይህ የምት ቆጠራ በዓለም ካርታ ላይ አሻራውን ትቷል። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1947 የአካባቢ መለያ ቁጥሮች ሲታደሉ፣ ብዙ ጥሪ የሚቀበሉ ከተሞች በፍጥነት የሚደወሉትን ቁጥሮች አገኙ። ኒው ዮርክ 212 ሆነች፤ ምቱን ብንደምር አምስት፣ ጊዜውም ግማሽ ሴኮንድ ነው። ቺካጎ 312፣ ሎስ አንጀለስ 213 ሲሆኑ ሁለቱም ስድስት ምት ናቸው። ከዐሥር ዓመት በኋላ ለአላስካ የተሰጠው 907 ግን 26 ምት ነው። ሕዝቡ ጥቂት፣ ደዋዩም ጥቂት ነውና አላስካን የሚፈልግ ይጠብቅ ተባለ።

ከ07 ወደ 047

ወደ አገራችን እንመለስ። ስልክ በኢትዮጵያ የተጀመረው በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1894 በተጀመረውና ሐረርን ከአዲስ አበባ ባገናኘው 477 ኪሎ ሜትር መስመር እንደሆነ ይታወቃል። እስከ 1997 ዓ.ም. መጨረሻ ድረስ በሥራ ላይ በነበረው አሠራር አገሪቱ በአንድ አሃዝ የተከፋፈለች ነበረች። 01 አዲስ አበባ፣ 02 ናዝሬት፣ 03 ደሴ፣ 04 መቀሌ፣ 05 ድሬዳዋ፣ 06 ሻሸመኔ፣ 07 ጅማ፣ 08 ባሕር ዳር። ፊተኛዋ 0 «ከዚህ አካባቢ ውጣ» የምትል ትእዛዝ ናት፤ ተከታይዋ አሃዝ አቅጣጫውን ትነግራለች። እነዚህን ከተሞች በቁጥራቸው ቅደም ተከተል በካርታ ላይ በመስመር ብናገናኛቸው ክብ አናገኝም፤ ከመሐል ወደ ደቡብ ምሥራቅ፣ ከዚያ ወደ ሰሜን፣ ከሰሜን እንደገና ወደ ምሥራቅ የሚዘል ዚግዛግ ነው። ጋምቤላ በዚህ ክፍፍል የጅማ ጭፍራ ሆና በ07 ሥር ነበረች። የሰባት ቁጥር ታሪክ ለኛ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው።

የአካባቢ ቁጥር ሌላም ጥቅም ነበረው። ድምፅ በመዳብ ሽቦ ሲጓዝ በየኪሎ ሜትሩ ኃይሉን እያጣ ስለሚሄድ በመንገድ ላይ ማጉያ ያስፈልገዋል፤ ርቀት ገንዘብ ነው። ስለዚህ የአካባቢ ቁጥር ለደዋዩ የዋጋ ምልክትም ነበር። በ07 የሚጀምር ቁጥር ከአዲስ አበባ የሚደውል ሰው፣ ጨዋታውን ማሳጠር እንዳለበት ገና ሳይደውል ያውቀው ነበር።

በ1998 ዓ.ም. መስከረም ላይ ቁጥሮቹ ሁሉ ተቀየሩ። ስድስት አሃዝ የነበረው የቤትና የመሥሪያ ቤት ቁጥር ሰባት ሆነ፤ የአካባቢ መለያውም አንድ አሃዝ ተጨመረበት። አዲሶቹ መለያዎች 011፣ 022፣ 025፣ 033፣ 034፣ 046፣ 047፣ 057 እና 058 ናቸው። ብዙ ሰው እነዚህን እንደ ዘፈቀደ ቁጥሮች በቃሉ ይዟቸዋል። ነገር ግን ጎን ለጎን ደርድረን ስንመለከታቸው ሁለት ነገሮች ተገለጡልን። የመጨረሻዋን አሃዝ ብቻ ብናነብ 1፣ 2፣ 5፣ 3፣ 4፣ 6፣ 7፣ 7፣ 8 ይመጣሉ፤ አሮጌዎቹ መለያዎች ናቸው። መሐከለኛዋን አሃዝ ብናነብ ደግሞ አቅጣጫ እናገኛለን። 2 የሚሉት ናዝሬትና ድሬዳዋ ወደ ምሥራቅ ናቸው፤ 3 የሚሉት ደሴና መቀሌ ወደ ሰሜን፤ 4 የሚሉት ሻሸመኔና ጅማ ወደ ደቡብና ደቡብ ምዕራብ፤ 5 የሚሉት ነቀምትና ባሕር ዳር ወደ ምዕራብና ሰሜን ምዕራብ። እንግዲህ 047 ሲል 4 ዛሬን፣ 7 ትናንትን ይናገራል። የነቀምቱ 057 ደግሞ ሌላ የሰባት ወንድም ሲሆን ፊቱን ወደ ምዕራብ ያዞረ ነው። ቁጥር እንደ ዛፍ ግንድ ነው፤ ቆርጠው ላዩት ዕድሜው ይነበባል።

ወደ ውስጥ ስንገባም ይኸው አሠራር ይቀጥላል። በ047 ሥር የጅማ ቁጥሮች በ111፣ የቦንጋ በ331፣ የመቱ በ441፣ የጋምቤላ ከተማ በ551 ይጀምራሉ። ቴፒ ደግሞ 556 ናት። ቴፒ ከጋምቤላ ክልል ውጭ መሆኗን፣ ቁጥሯ ግን ከጋምቤላ ጋር በ55 ቤተሰብ መሆኑን ልብ ይሏል። የመስመር ስልክ ቁጥር የሚከተለው የክልል ወሰንን ሳይሆን የመስመሩን መረብ ነው። 047 በአንድ እጁ የኦሮሚያ ከተሞችን፣ በሌላው ጋምቤላን፣ በሦስተኛው ቦንጋንና ሚዛን ተፈሪን ይዟል። ከ551 በኋላ የሚቀሩት አራት አሃዞች ሲሆኑ ሊሠሩ የሚችሉት ቁጥሮች 10 ሺህ ብቻ ናቸው። በሌላ አነጋገር በ047 551 የሚጀምር ቁጥር ሲደወልልን፣ ደዋዩ በጋምቤላ ከተማ ካሉ ቢበዛ 10 ሺህ የሽቦ ጫፎች በአንዱ ላይ እንዳለ በእርግጠኝነት ልንናገር እንችላለን። ጊንጡ የነደፈው በከተማው ውስጥ ቢሆንና በመስመር ስልክ ደውለን ቢሆን ኖሮ ሾፌሩ ባልተጠራጠረን ነበር።

የዓለም ሰልፍና ከሰልፍ የወጡት

አገሮችም እንደ ከተሞች ተሰልፈዋል። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ዓለም በዞን ስትከፈል 1 ለሰሜን አሜሪካ፣ 2 በአመዛኙ ለአፍሪካ፣ 3 እና 4 ለአውሮፓ፣ 7 ለሶቪየት ኅብረት ተሰጠ። በእኛ ሰፈር ሰልፉ እንዲህ ይነበባል፦ 249 ሱዳን፣ 250 ሩዋንዳ፣ 251 ኢትዮጵያ፣ 252 ሶማሊያ፣ 253 ጅቡቲ፣ 254 ኬንያ፣ 255 ታንዛኒያ፣ 256 ኡጋንዳ። ቁጥሩን ብቻ ይዞ ምሥራቅ አፍሪካን በእግር መዞር የሚቻል ይመስላል። ትልቅ የስልክ ብዛት የሚጠበቅባቸው አገሮች አጭር መለያ አገኙ፤ ግብፅ 20፣ ደቡብ አፍሪካ 27 ነው። የዓለም አቀፍ ቁጥር አጠቃላይ ርዝመት ወሰን አለውና (ዛሬ ከ15 አሃዝ አይበልጥም) መለያው ባጠረ መጠን ለአገር ውስጥ የሚተርፈው ቦታ ይሰፋል። የኛ ቁጥር 251ን ጨምሮ 12 አሃዝ ነው።

ሰልፉ ከተያዘ በኋላ የተወለደ አገር ግን የት ይቆማል? ኤርትራ ነፃ አገር ስትሆን 291 ደረሳት። የቁጥር ጎረቤቷ 290 በአትላንቲክ ውቅያኖስ መሐል ያለችው የቅድስት ሄለና ደሴት ናት፤ ከዚያ ወዲያ 299 ግሪንላንድ ነው። አልዌሮ ወደሚፈስበት አቅጣጫ ያለችው ደቡብ ሱዳን ነገር ከዚህም ይገርማል። ከነፃነት በፊት በጁባ ይሠራ የነበረ አንድ የስልክ ኩባንያ የኡጋንዳን 256 ይጠቀም ስለነበር፣ ከሱዳን ምድር የሚደወለው ስልክ በቁጥሩ ኡጋንዳዊ ነበር። በሐምሌ 2003 ዓ.ም. ለአዲሲቱ አገር 211 ተሰጣት። 212 ሞሮኮ፣ 213 አልጄሪያ ነው። ከጋምቤላ ድንበር ማዶ ያለው ጎረቤታችን በስልክ መዝገብ ላይ ከራባት ጎን ተቀምጧል። መዳብ ሽቦ ያስገደደው ሥርዓት ሽቦው ሲጠፋ ባዶ ወንበር ባለበት መቀመጥን ፈቀደ።

ተንቀሳቃሹ ስልክ

የሞባይል ስልክ በአዲስ አበባ ሥራ የጀመረው በ1991 ዓ.ም. ነው። በመጀመሪያ በ09 ጀምሮ ስድስት አሃዝ ይከተል ነበር፤ በ1998ቱ ለውጥ 11 ተጨምሮበት 0911 ሆነ። አገልግሎቱ ወደ ክልሎች ሲሰፋ 0914 ለሰሜን፣ 0915 ለምሥራቅ፣ 0916 ለደቡብ፣ 0917 ለደቡብ ምዕራብና ለምዕራብ፣ 0918 ለሰሜን ምዕራብ ተሰጡ። አንባቢ የመጨረሻዋን አሃዝ ደግሞ ይመልከት! 4፣ 5፣ 6፣ 7፣ 8 — የመቀሌ፣ የድሬዳዋ፣ የሻሸመኔ፣ የጅማና የባሕር ዳር አሮጌ ቁጥሮች ናቸው። ሰባት ከ07 ወደ 047፣ ከ047 ወደ 0917 ተሻገረች። ሽቦ ለሌለው ስልክ የሽቦ ዘመን መለያ ተሰጠው።

ችግሩ የሚጀምረው ይህ ስልክ የሚሄድ መሆኑ ላይ ነው። በአልዌሮ ግድብ ላይ ስልካችንን ስንከፍት የሚሆነውን እንመልከት። ስልኩ መጀመሪያ ይሰማል እንጂ አይናገርም። በአካባቢው ያለ የሞባይል ማማ የራሱን ማንነት ሳያቋርጥ ያሰማል፤ የዚህም ስያሜ የሚጀምረው በ636 ነው። ይህ 251 ሳይሆን በሬዲዮ ዓለም ኢትዮጵያ የምትታወቅበት ሌላ ቁጥር ነው። የደቡብ ሱዳን 659 ነው። በድንበር አካባቢ ያለ ስልክ ከሁለቱም ወገን ሊሰማ ይችላል፤ የሬዲዮ ሞገድ ባሮንም ሆነ አኮቦን ሲሻገር ፓስፖርት አይጠየቅም። ከአገር ስያሜው ቀጥሎ ማማው የአካባቢውን ቁጥርና የራሱን መለያ ይናገራል። እነዚህ እውነተኛ የቦታ ቁጥሮች ናቸው፤ ምክንያቱም ማማው አይንቀሳቀስም። እኛ ግን አናያቸውም።

ስልኩ ከሰማ በኋላ «እኔ እዚህ ነኝ» ብሎ ራሱን ያስመዘግባል። ምዝገባው በሁለት መዝገቦች ላይ ይሰፍራል፤ አንዱ የእንግዳ መዝገብ ልንለው የምንችለው ስልኩ አሁን ባለበት አካባቢ ያለ ሲሆን፣ ሌላው የቤት መዝገብ ነው። አሁን አንድ ሰው 0911 ብሎ ሲደውልልን፣ ማዞሪያው ይህን ቁጥር እንደ መንገድ አይከተለውም። ለቤት መዝገቡ «ይህ ሰው የት ነው?» ይለዋል። የቤት መዝገቡ የእንግዳ መዝገቡን ይጠይቃል። በሁለተኛውና በሦስተኛው ትውልድ የሞባይል መረቦች የእንግዳ መዝገቡ ለዚያ ጥሪ ብቻ የሚያገለግል ጊዜያዊ ቁጥር ይሰጣል፤ ጥሪው የሚጓዘው በዚያ ቁጥር ነው። ይህ ጊዜያዊ ቁጥር እንደ ስትሮውጀር ዘመን ቁጥር ትክክለኛ የመንገድ ጠቋሚ ነው፤ የተወሰነ ማዞሪያን ያመለክታል። ጥሪው እንደተገናኘ ለሌላ ጥሪ ይመለሳል። ስለዚህ ቦታን የሚናገር ቁጥር አልጠፋም፤ ዕድሜው ጥቂት ሴኮንዶች ሆኖ ከዐይናችን ተሰወረ እንጂ። በእጃችን የቀረው ስም ነው፤ ስምም እንደ ሰው ስም ሁሉ የተወለድንበትን ይናገር ይሆናል እንጂ ያለንበትን አይናገርም።

ርቀት ራሱም ትርጉሙ ተለውጧል። ከጋምቤላ አዲስ አበባ በመኪና መንገድ 770 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ብርሃን በመስታወት ክር ውስጥ በሴኮንድ 200 ሺህ ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛል። በአልዌሮ ጎን ለጎን የቆሙ ሁለት ሰዎች የሚያደርጉት ጥሪ ይህን መንገድ ተከትሎ አዲስ አበባ ደርሶ ቢመለስ እንኳ፣ ደርሶ መልሱ 1,540 ኪሎ ሜትር፣ የጉዞ ጊዜውም ከስምንት ሚሊሴኮንድ ያነሰ ነው። ዐይን ለመርገብ ከዚያ ብዙ እጥፍ ጊዜ ይፈልጋል።

ለዚህ ሁሉ የሒሳብ ግፊትም ተጨመረበት። 0917 ብለን የምንቀጥለው ስድስት አሃዝ ነው፤ አንድ ሚሊዮን ቁጥር ይወጣዋል፤ ከዚያ ያልቃል። አንድ ሚሊዮን በ1998 ዓ.ም. የማይሞላ ጎተራ ይመስል ነበር። ብዙም ሳይቆይ 092፣ 093፣ 094 እያሉ አዳዲስ ረድፎች ተከፈቱ።

ታዲያ ማን ይናገር?

ወደ ግድቡ እንመለስና፣ ሾፌሩ ያለንበትን በሌላ መንገድ ሊያውቅ ይችል ነበር ወይ ብለን እንጠይቅ። መረቡ ያውቃል፤ ቢያንስ በከፊል። በሁለተኛው ትውልድ ሞባይል ብዙ ስልኮች አንዱን ማማ በተራ ስለሚጠቀሙ፣ ሩቅ ያለው ስልክ ተራው እንዳያልፍ ቀደም ብሎ እንዲልክ ይታዘዛል። ትእዛዙ ከ0 እስከ 63 ባለ ቁጥር ይሰጣል። አንዱ እርከን 3.69 ማይክሮ ሴኮንድ ነው፤ ይህን በብርሃን ፍጥነት አባዝተን፣ ደርሶ መልስ ስለሆነ ለሁለት ብናካፍለው 550 ሜትር ገደማ ይሆናል። 63 ጊዜ 550 ሜትር ደግሞ 35 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ በዚህ ሥርዓት አንድ ማማ በተለመደው አሠራር ከዚያ በላይ የማያገለግለውም በዚህ ምክንያት ነው።

ትእዛዙ 10 ነው እንበል። ስልኩ ከማማው 5.5 ኪሎ ሜትር ርቆ፣ 550 ሜትር ስፋት ባለው ቀለበት ውስጥ አለ ማለት ነው። የቀለበቱን ስፋት አንባቢ ራሱ ሊያሰላው ይችላል፤ 19 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ማማው በሦስት አቅጣጫ አንቴናዎች የተከፈለ ከሆነ አንድ ሦስተኛው፣ ማለትም ከስድስት ካሬ ኪሎ ሜትር ጥቂት ከፍ ያለ ይቀራል። በዚህ ስፋት ውስጥ ሐይቅም፣ ደንም፣ እርሻም ሊኖር ይችላል። በአራተኛው ትውልድ እርከኑ ወደ 78 ሜትር ወርዷል። በስልካችን ውስጥ ያለው የጂፒኤስ መቀበያ ደግሞ ቢያንስ የአራት ሳተላይቶችን ምልክት አነጻጽሮ ሰማዩ ክፍት በሆነበት ስፍራ በጥቂት ሜትሮች ስሕተት ይነግረናል፤ በአልዌሮ ሰማዩ ክፍት ነው። በብዙ የአውሮፓ አገሮች የአደጋ ጊዜ ጥሪ ሲደረግ ስልኩ ይህን መረጃ ደዋዩ ሳይነካው ለእርዳታ ማዕከሉ ይልካል። ቴክኖሎጂው በኪሳችን አለ፤ ጉዳዩ የአሠራር ጉዳይ ነው። እስከዚያው ድረስ ከዚያ ቀን ጀምሮ ተማሪዎችን ይዘን ስንወጣ የምናደርገው ነገር ቢኖር፣ ለሚመለከተው ሰው አስቀድመን ደውለን ቁጥራችንን ከነቦታው ማስመዝገብ፣ የቦታውንም የጂፒኤስ ቁጥር በወረቀት ጽፎ መያዝ ነው።

አንድ ነገር ሳንናገር ማለፍ አንወድም። በአገራችን አራተኛዋን አሃዝ አይቶ ደዋዩ የየት አገር ሰው እንደሆነ፣ አልፎም ማን እንደሆነ መገመት የተለመደ ሆኗል። በደኅና ቀን ጨዋታ ነው፤ በክፉ ቀን ግን ሰው በቁጥሩ የሚጠረጠርበትን ጊዜ አይተናል። ከላይ እንደተመለከትነው ያቺ አሃዝ የምትናገረው ሲም ካርዱ የወጣበትን ረድፍ ብቻ ነው። የአልዌሮው ዓሣ አጥማጅ ጅማ የገዛትን ሰባት ይዞ አቦቦ ይኖራል፤ እኛ አንድ ቁጥር ይዘን ከአዲስ አበባ ርቀን እንኖራለን።

የሰባት ጉዞ ገና አላለቀም። በ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ በአዲስ አበባ አገልግሎቱን በይፋ ሲያስጀምር የደንበኞቹ ቁጥር በ07 እንዲጀምር ተደረገ። ጅማንና ጋምቤላን ያመለክት የነበረው 07 ከ17 ዓመት በኋላ ተመለሰ፤ አሁን የሚያመለክተው ግን ቦታን ሳይሆን ኩባንያን ነው። በቅርቡ በቢሯችን አሮጌ ፋይሎች ስናገላብጥ ከጋምቤላ የተላከ አንድ ደብዳቤ ወጣ፤ በራስጌው ላይ የስልክ ቁጥሩ በ07 ጀምሮ ታትሟል። አብሮን የነበረ የአንደኛ ዓመት ተማሪ አየና «ሳፋሪኮም ያኔም ነበረ እንዴ?» ሲል ጠየቀን። ደብዳቤው የተጻፈው በ1989 ዓ.ም. ነው።